ቃላቸው ካላሰራቸው ወሬያቸው ምን ይጠቅማቸዋል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ካርቴል በባህሪው ፈራሽ ነው ተብለን ተምረናል። ዋጋ እናስወድድ ብለው የተስማሙ ድርጅቶች ስምምነታቸውን ፍርድ ቤት ወስደው ማስፈጸም አይችሉም። እያንዳንዱም ደግሞ ተደብቆ ዋጋ ቢሰብር የሌላውን ገበያ ይጠቀልላል። ታዲያ ተገናኝተው ማውራታቸው ምን ለውጥ ያመጣል? ሕጉስ ወሬን ለምን ያሳድዳል? ደግሞስ ሳይነጋገሩ ዋጋ ማስወደድ አይችሉም ወይ?»

ወንድሜ፣ ሦስት ጥያቄ ነው የጠየቅኸው፣ ሦስቱም ግን አንድ ቦታ ይገናኛሉ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ወሬ ማንንም አያስርም፣ እዚህ ላይ ትክክል ነህ። ግን የወሬው ትልቁ ሥራ ዋጋውን መወሰን አይደለም። ዋጋው ከተወሰነ በኋላ የሚመጣውን ጥርጣሬ ማብረድ ነው። ሰዎች ካርቴልን ሲያስቡት ጭስ በሞላበት ክፍል ውስጥ «በዚህ እንሽጥ» ተባብሎ መጨባበጥ ይመስላቸዋል። እሱ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ከሦስት ወር በኋላ አንዱ «ገዢዎቼ የት ሄዱ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመጣው ነው።

ረጅሙን መልስ ከሒሳብ ልጀምር። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ድርጅቶች አንድ ዓይነት ዕቃ ይሸጣሉ እንበል። አንዱን ዕቃ ለማምረት 60 ይወጣል። በወር 100 ገዢ አለ፣ እያንዳንዱም እስከ 100 ድረስ ይከፍላል። ሁለቱም በ100 ቢሸጡ ገበያውን እኩል ይካፈሉና እያንዳንዳቸው 50 ዕቃ በ40 ትርፍ ሸጠው በወር 2,000 ያገኛሉ። አንዱ ተደብቆ 99 ቢያደርግ ግን ገዢው ሁሉ ወደ እሱ ይጎርፋል። 3,900 ያፍሳል ማለት ነው። ያጓጓል። ችግሩ ሌላኛው በሚቀጥለው ወር ከነቃበት የዋጋ ጦርነት ይጀመርና ዋጋው እስከ 60 ይወርዳል፣ የሁለቱም ትርፍ ዜሮ ይገባል። ስለዚህ የከዳው ሰውዬ አንድ ጊዜ 1,900 ተጨማሪ አግኝቶ ከዚያ በኋላ በየወሩ 2,000 ሊያጣ ነው። ይህን የሚያደርግ ነጋዴ ሂሳብ አያውቅም።

ስድስት ወር ሳይታወቅበት ከቆየስ? 11,400 ተጨማሪ ኪሱ ገባ። አሁን ሒሳቡ ሌላ መልክ ያዘ። ያዝልኝ ይህችን። ዋናው ነገር የቅጣቱ ክብደት ብቻ አይደለም፣ ክህደቱ የሚታወቅበት ፍጥነት ነው። በእርግጥ ገበያው ጠቅልሎ ከሄደ የተከዳው በማግስቱ ያውቃል። በተግባር ግን ማንም እንዲህ ዓይን አውጥቶ አይከዳም። የዋጋ ዝርዝሩ ላይ 100 ተጽፎ ይቀመጣል። ለትልልቆቹ ደንበኞች ግን በጓሮ በኩል ቅናሽ ይሰጣል። ወይ የማጓጓዣውን ይችልላቸዋል፣ ወይ የክፍያ ጊዜ ያራዝምላቸዋል። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር በ1964 ባወጣው ጽሑፍ ዋናው የካርቴል ራስ ምታት ይህ በድብቅ የሚሰጥ ቅናሽ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የዚያ ሐሳብ ማብራሪያ ነው ብል ብዙም አልተሳሳትኩም።

የድርጅቶቹን ቁጥር እናብዛው። አራት ቢሆኑ እያንዳንዳቸው 25 ገዢ ይዘው 1,000 ያገኛሉ። የከዳው 2,900 ተጨማሪ ያገኛል፣ ከነቁበት በኋላ የሚያጣው በወር 1,000 ብቻ ነው። ያገኘው ትርፍ በቅጣት ተበልቶ እስኪያልቅ ሦስት ወር ይፈጃል። አሥር ቢሆኑ ደግሞ የእያንዳንዱ ድርሻ 400 ነው፣ የከዳው 3,500 ያተርፋል፣ የሚያጣው በወር 400 ነው። ዘጠኝ ወር ገደማ። ብዙ ሲሆኑ መክዳት ይጣፍጣል፣ መታገስ ይመርራል። ጥፋተኛውን መለየትም ያስቸግራል።

አሁን ወሬው የት ላይ እንደሚገባ እንይ።

ኢኮኖሚስቶች ይህን በቤተ ሙከራ ሞክረውታል። ተማሪዎችን ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጧቸዋል፣ እያንዳንዱ «ድርጅት» ነው፣ በየዙሩ ዋጋ ወይም የምርት መጠን ይመርጣል፣ ያተረፈውን ያህል እውነተኛ ገንዘብ ይዞ ይሄዳል። መነጋገር ክልክል ሲሆን ምን ይሆናል? በ2004 የታተመ የሁክ፣ የኖርማንና የኦክስለር ጥናት ሁለት ሲሆኑ አንዳንዴ ተግባብተው ውድድሩን እንደሚያለዝቡት፣ አራትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን ያ ነገር እንደሚጠፋ አገኘ። ማለትም ለጥያቄህ ሦስተኛ ክፍል ግማሽ መልስ ይህ ነው። ሁለት ሆነው ሳይነጋገሩ መግባባት ይቻላል። አራት ሆነው ከባድ ነው።

ከዚያ ፎንሴካና ኖርማን በ2012 ባወጡት ጥናት ሁለት፣ አራት፣ ስድስት እና ስምንት «ድርጅቶች» ያሉባቸውን ገበያዎች ወስደው ለአንዳንዶቹ የቻት መስኮት ከፈቱላቸው። ቻቱ ሁሉንም ጠቀመ። ደስ የሚለው ግን ይህ አይደለም፤ ይህንንማ ማንም ይገምታል። ወሬ ከሁሉ በላይ የጠቀመው መሃል ላይ ያሉትን መሆኑ ነው። ሁለት የሆኑት ያለ ወሬም ትንሽ ይግባባሉ፣ ስለዚህ ወሬው የሚጨምርላቸው ያን ያህል አይደለም። በጣም ብዙ ሲሆኑ ደግሞ ቢያወሩም ይከብዳቸዋል። አራት አካባቢ ላይ ግን ወሬ ማለት በመኖርና ባለመኖር መካከል ያለ ልዩነት ነው። ሌላም ነገር አገኙ። ቻቱ ከተዘጋ በኋላም መመሳጠሩ ቀጠለ! አንዴ የተገነባ መግባባት ወሬው ሲቆም አብሮ አይፈርስም። ለዚህ ነው «ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም» የሚል መከላከያ ስሰማ ብዙም የማይዋጥልኝ።

እንግዲህ ቃል ካላሰረ፣ ቻቱ ምን ሠራ?

መጀመሪያ፣ ከብዙ ሊሆኑ ከሚችሉ ዋጋዎች አንዱን አስመረጠ። ይህ ግልጽ ነው፣ ብዙ አልቆይበትም። አንዱ 95 ሲል ሌላው 100 ሲል ሦስተኛው 90 ሲል፣ ያለ ወሬ ወራት ይባክናሉ። በወሬ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ማስፈራሪያውን ግልጽ አደረገ። ኩፐርና ኩን በ2014 ባሳተሙት ሙከራ «ዋጋ ከፍ እናድርግ» የሚል መልእክት ብቻውን ብዙም እንደማያስኬድ፣ «ከሰበርክ እንዲህ አደርግሃለሁ» የሚለው ሲጨመርበት ግን እንደሚሠራ አሳይተዋል። ቃል ኪዳን ርካሽ ነው። ዛቻም በራሱ ወጪ የለውም፣ ግን ሰውየው ሊፈጽመው እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። ልዩነቱ እሱ ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ ጥርጣሬው ነው። ከላይ ያልኩት ምሳሌ ላይ ተመለስ። በወር 50 ስትሸጥ የነበርከው አሁን 30 ሸጥክ። ምን ሆነ? ወይ ባልደረባህ በጓሮ ዋጋ ሰብሯል፣ ወይ ገበያው ራሱ ቀዝቅዟል። የምታየው የራስህን ሽያጭ ብቻ ነው። ዝም ካልክ ሲታለል ዝም የሚል ሞኝ ትባላለህ። ዋጋ ከሰበርክ ደግሞ ምናልባት ምንም ያላጠፋ ሰው ላይ ጦርነት ከፈትክ፣ ያም ሰው ይመልስልሃል። ማንም ሳይከዳ ካርቴሉ ፈረሰ ማለት ነው! ግሪንና ፖርተር በ1984 ይህንኑ በሒሳብ አስቀምጠውታል። ማንም ባይከዳም አልፎ አልፎ የዋጋ ጦርነት የግድ ነው፣ ምክንያቱም የማይቀጣ ካርቴል ሁሉም ይከዳዋል። አሁን ስልክ ጨምርበት። «ወንድም፣ ባለፈው ወር ስንት ሸጥክ?» «እኔም 30» ካለህና ካመንከው፣ ጦርነቱ ቀረ። አንድ የስልክ ጥሪ የወራት ትርፍ አዳነ።

«ግን ሊዋሽ ይችላላ!» ትለኛለህ። ይችላል። እውነተኛዎቹ ካርቴሎች የሚገርሙት እዚህ ላይ ነው። ውሸቱን ለመያዝ የሠሩት ሥራ ከዋጋው በላይ ነው።

የላይሲንን ካርቴል እንይ። ላይሲን የእንስሳት መኖ ውስጥ የሚጨመር አሚኖ አሲድ ነው። ኤዲኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1991 ትልቅ ፋብሪካ ይዞ ገበያው ውስጥ ሲገባ ዋጋው ተንኮታኮተ። በ1992 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ከጃፓኖቹ ኩባንያዎች ጋር ተገናኙ፣ ዋጋ ላይ ተስማሙ፣ ዋጋው ተነሳ። ከዚያስ? በ1993 ጸደይ እንደገና ወረደ። በዋጋ ብቻ መስማማት አላዋጣም፤ እርስ በርስ መጠራጠሩ አልቆመማ። ስለዚህ በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ኮታ ክፍፍል ውስጥ ገቡ። እያንዳንዱ በዓመት ስንት ቶን እንደሚሸጥ ተወሰነ። በየወሩ እያንዳንዱ የሸጠውን መጠን ከጃፓኖቹ ኩባንያዎች አንዱ ለሆነው ለአጂኖሞቶ ሰው ሪፖርት ያደርጋል፣ እሱ ደምሮ ለሁሉም ይመልሳል። ከኮታው በላይ የሸጠ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ከጎደለበት ኩባንያ ላይሲን ገዝቶ እንዲያካክስ ተስማሙ።

ይህቺን የመጨረሻዋን ልብ በላት። የከዳ ሰው ላይ ጦርነት አይታወጅም፣ ሒሳቡን ያወራርዳል። ሌቦች የሚጣሉት ሲሰርቁ ሳይሆን ሲካፈሉ ነው ይባል የለ? እነዚህ አካፋዩን አስቀድመው ቀጠሩት። የንግድ ማኅበር ስብሰባም ሽፋን ሆኗቸው ነበር፣ የውሸት አጀንዳ ሳይቀር አዘጋጅተዋል። ይህን ሁሉ የምናውቀው ከኤዲኤም ሥራ አስፈጻሚዎች አንዱ የነበረው ማርክ ዊታከር ከ1992 መጨረሻ ጀምሮ ለኤፍቢአይ በድብቅ ሲቀዳ ስለነበር ነው። በቴፑ ላይ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ተፎካካሪዎቻችን ወዳጆቻችን ናቸው፣ ጠላቶቻችን ደንበኞቻችን ናቸው የሚል አባባል እንዳላቸው ሲናገር ይሰማል። ኤዲኤም በ1996 ጥፋቱን አምኖ በላይሲንና በሲትሪክ አሲድ ጉዳይ 100 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ።

ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ሲሰሙ ሁሌ የሚያስቃቸው የውሸት አጀንዳው ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ወርኃዊ ሪፖርቱ ነው። በውስጡ ዋጋ የሚባል ነገር የለም። የሽያጭ መጠን ብቻ። አንድ የማያውቅ ሰው ቢያገኘው ተራ የገበያ ስታቲስቲክስ ነው የሚመስለው።

ዋጋ ሳይነሳ ዋጋ ማስወደድ እንደሚቻል የሚያሳይ አንድ የቆየ ታሪክ ልጨምር። የአሜሪካ ስኳር አጣሪዎች ከ1927 መጨረሻ ጀምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1936 እስከፈረደባቸው ድረስ አንድ ማኅበር ነበራቸው። ዴቪድ ጄኔሶቭና ዋላስ ሙሊን የስብሰባዎቻቸውን ማስታወሻ አገላብጠው በ2001 አንድ ጥናት አሳተሙ። ስኳር አጣሪዎቹ በዚህ ዋጋ እንሽጥ ብለው አልተስማሙም። የተስማሙት የሽያጭ አሠራራቸውን አንድ ዓይነት ማድረግ ላይ ነው። በድብቅ ቅናሽ መስጠት ክልክል፣ የውል ሁኔታው ለሁሉም ተመሳሳይ። ውጤቱ፣ ማንም ዋጋ ቢሰብር ወዲያው እንዲታይ። ክህደት አልቀረም፣ ይከዱ ነበር። ግን ክስ ሲመጣ ዘለው ጦርነት ውስጥ አይገቡም። በስብሰባው ላይ ይነሳል፣ ተከሳሹ ያስረዳል፣ ወይ አለመግባባት ነበር ይባላል ወይ ይስተካከላል። ሽምግልና ነበር የሚሠሩት ማለት ይቻላል። የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ካርቴል ክህደት ሲያይ ወዲያው ይቀጣል። እነዚህ ያወራሉ።

ይህን ከያዝክ ቀጥሎ ያለው አያስገርምህም። ድርጅቶቹ ራሳቸው ባያወሩም፣ ሌላ ሰው ቢያወራላቸው ያው ነው። በ1993 የዴንማርክ የውድድር ባለሥልጣን ለገዢዎች አዝኖ በሦስት አካባቢዎች የሚሸጥ የተዘጋጀ ኮንክሪት በእያንዳንዱ አምራች ትክክለኛ የሽያጭ ዋጋ ስንት እንደሆነ በየጊዜው ማተም ጀመረ። ዝርዝር ዋጋ ሳይሆን ከቅናሽ በኋላ የተከፈለውን። ሐሳቡ ገዢው እርካሹን እንዲያገኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ዋጋው ከ15 እስከ 20 በመቶ ጨመረ። ምክንያቱ ይገባሃል። ያቺ በጓሮ የምትሰጥ ቅናሽ አሁን በመንግሥት ማህተም አደባባይ ወጣች። ነገ በጋዜጣ የሚወጣ ቅናሽ ማን ይሰጣል? ካርቴሉ ሊገነባው የሚቸገረውን የስለላ መረብ መንግሥት በነጻ ዘረጋለት። ስለ ግልጽነት በጎነት የሚሰብክ ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ለማን ግልጽ?» ብዬ ነው።

አሁን ወደ ቅኔው እንሂድ። መነጋገር ማለት ግድ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አይደለም። ዋጋ ራሱ ይናገራል፣ ሰምም ወርቅም አለው።

ጀርመን በ1999 የሞባይል ስልክ ፍሪኩዌንሲ በጨረታ ሸጠች። አሥር ብሎኮች ነበሩ። ደንቡ አዲስ የሚቀርብ ዋጋ ካለፈው ቢያንስ በ10 በመቶ መብለጥ አለበት ይላል። ማነስማን የተባለው ኩባንያ በመጀመሪያው ዙር ከ1 እስከ 5 ላሉት ብሎኮች በሜጋኸርትዝ 18.18 ሚሊዮን ማርክ፣ ከ6 እስከ 10 ላሉት ደግሞ 20 ሚሊዮን ማርክ አቀረበ። 18.18 ምን ማለት ነው? ለምን 18 አይሆንም? 10 በመቶ ጨምርበት። 20 ይመጣል። ሰሙ የጨረታ ዋጋ ነው፣ ወርቁ ደግሞ «አምስቱን አንተ በ20 ውሰድ፣ አምስቱን እኔ በ20 ልውሰድ፣ እንተው» ነው። ብቸኛው ብርቱ ተፎካካሪ ቲ-ሞቢል ነበር። ለብልህ አይነግሩም። በሁለተኛው ዙር በመጀመሪያዎቹ አምስት ላይ 20 አቀረበ፣ ጨረታው እዚያው አበቃ። በኋላ አንድ የቲ-ሞቢል ኃላፊ ከማነስማን ጋር ምንም ስምምነት እንዳልነበረ፣ ግን የማነስማንን የመጀመሪያ ዋጋ እንደ ግልጽ ግብዣ እንደቆጠሩት ተናግሯል። ስብሰባ የለም፣ ስልክ የለም፣ ደብዳቤ የለም።

አሜሪካ ውስጥ ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ በተካሄደ ተመሳሳይ ጨረታ ደግሞ ሰሙ እንኳን የሳሳ ነበር። ዩኤስ ዌስትና ማክሊዎድ የተባሉ ኩባንያዎች ሚኒሶታ ውስጥ ባለችው ሮቸስተር ላይ ይፎካከሩ ነበር። የዚያ ፈቃድ ቁጥር 378 ነው። ዩኤስ ዌስት ምን አደረገ? ማክሊዎድ እየመራባቸው ወደነበሩ ሁለት የአይዋ ፈቃዶች ሄዶ በአንዱ 313,378 ዶላር፣ በሌላው 62,378 ዶላር አቀረበ። መጨረሻ ላይ ያሉትን ሦስት አኃዞች እያቸው። «378ን ልቀቅልኝ፣ ካልሆነ እዚህም አልተኛልህም» ማለት ነው። ማክሊዎድ ሮቸስተርን ተወ። በኋላ የጨረታው አዘጋጆች ተጫራቾች ቁጥሩን ራሳቸው እንዳይጽፉ፣ ከተዘጋጀ ዝርዝር ብቻ እንዲመርጡ አደረጉ። ቅኔውን ለመከልከል ፊደሉን ወሰዱባቸው።

እነዚህ የአንድ ጊዜ ጨረታዎች ናቸው ብለህ እንዳትንቃቸው። የአሜሪካ አየር መንገዶች ይህንኑ ለዓመታት በየቀኑ ያደርጉት ነበር ሲል የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ በ1992 መጨረሻ ከሷቸዋል። ሁሉም ታሪፋቸውን የሚያስገቡበት አንድ የጋራ የኮምፒውተር ሥርዓት ነበር። አንዱ አየር መንገድ አዲስ የተወደደ ዋጋ ያስገባና «ሽያጩ የሚጀመረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው» የሚል ቀን ይለጥፍበታል። ተሳፋሪ በዚያ ዋጋ ዛሬ መግዛት አይችልም። ታዲያ ለማን ነው የተለጠፈው? ለሌሎቹ አየር መንገዶች። እነሱ ከተከተሉ ቀኑ ሲደርስ ዋጋው ይጸናል፣ ካልተከተሉ አንድም ትኬት ሳይጠፋ ይሰረዛል። አንዱ ዋጋ ሲሰብር ደግሞ ሌላው በእሱ ዋና መስመር ላይ ቅናሽ ይለጥፍና በግርጌ ምልክት ሁለቱን ያያይዛቸዋል። «ያኛውን አንሳ፣ ይህን አነሳለሁ።» ድርድሩ ስንት ዙር ቢሄድ ወጪ የለውም። ጉዳዩ ክርክር ሳይደረግበት በስምምነት አለቀ፣ የመጨረሻዎቹ የፈረሙት በ1994 ነው። ያ ወደፊት የሚጀምር ቀን መለጠፍ በአብዛኛው ተከለከለ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ መጣሁ። ሕጉ ለምን ወሬውን ያሳድዳል? ምክንያቱም ሌላ የሚይዘው እጀታ የለውም። ዋጋ ማስወደድ በራሱ ወንጀል አይደለም። ዳኛ «ትክክለኛው ዋጋ 72 ነው» ብሎ ሊፈርድ አይችልም። ተፎካካሪህን ዓይቶ ዋጋ መከተልንም መከልከል አይቻልም፣ ነጋዴ ዓይኑን ጨፍኖ አይሸጥም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1993 በወረቀት ጥሬ ዕቃ ጉዳይ ላይ የዋጋ አብሮ መሄድ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን፣ ማስረጃ የሚሆነው ከመመሳጠር በስተቀር ሌላ አሳማኝ ምክንያት ከሌለ ብቻ እንደሆነ ወስኗል። ወሬን ግን መከልከል ይቻላል። ይታወቃል፣ ዱካ ይተዋል፣ ለኅብረተሰቡም ብዙ ጊዜ ምንም አይጠቅምም።

መስመሩ የት እንደሆነ የሚያሳይ ነገር፣ በሰኔ 2001 አምስቱ የኔዘርላንድስ የሞባይል ኩባንያዎች አንድ ጊዜ ተሰበሰቡ። ከተወራው አንዱ ለሻጮች የሚከፈለውን ኮሚሽን መቀነስ ነበር። የደንበኛ ዋጋ እንኳን አይደለም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2009 እንደ ሁኔታው አንድ ስብሰባ ብቻ ሊበቃ እንደሚችል ተናገረ። በተቃራኒው ደግሞ በ1982 የአሜሪካን ኤርላይንስ ፕሬዚዳንት የነበረው ሮበርት ክራንዳል ለብራኒፍ አየር መንገድ ኃላፊ ደውሎ ዋጋህን 20 በመቶ ጨምር፣ እኔ በማግስቱ ጠዋት እጨምራለሁ አለው። ሰውዬው ይቀዳው ነበር። እምቢ ስላለ ስምምነት የሚባል ነገር አልተፈጠረም። ስለዚህ መንግሥት በመደበኛው የካርቴል ድንጋጌ መክሰስ አቅቶት ገበያን በብቸኝነት ለመያዝ መሞከር በሚለው ነው የሄደበት። ግብዣው ዓይን ያወጣ ነው፣ ግን ተጋባዡ አልበላም።

ወሬው ዱካ መተዉ ሌላም ጥቅም አለው። መጀመሪያ መጥቶ የተናዘዘ ይማራል የሚለው አሠራር ካርቴሉን የሚመታው እምነቱ ላይ ነው። የአውሮፓ የጭነት መኪና አምራቾች ከ1997 ጀምሮ ለ14 ዓመት ተመሳጥረው ነበር። ከእነሱ አንዱ የሆነው «ማን» (MAN) የተባለው ኩባንያ ሄዶ ተናገረ፣ እሱ ምንም አልተቀጣም፣ ሌሎች አራት በ2016 ወደ 2.93 ቢሊዮን ዩሮ ተቀጡ። እያንዳንዱ ስብሰባ ማስታወሻ፣ እያንዳንዱ ኢሜይል ለከዳተኛው የይለፍ ወረቀት ነው። እንግዲህ አስበው፣ ጥርጣሬን ለማብረድ ማውራት አለባቸው፣ ባወሩ ቁጥር ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ይወለዳል።

«ሳይነጋገሩስ?» ለሚለው የቀረኝ ግማሽ መልስ አልጎሪዝም ነው። በ2020 ካልቫኖና ባልደረቦቹ ዋጋ የሚያወጡ ቀላል ፕሮግራሞችን በኮምፒውተር ገበያ ውስጥ ለቀቋቸው። ስለ ካርቴል ማንም አላስተማራቸውም፣ የሚነጋገሩበት መንገድም የለም። በሙከራና በስህተት ከውድድር ዋጋ በላይ መሸጥን ለመዱ፣ አንዱ ሲሰብር ሌላው ይቀጣና ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይመለሳሉ። ይህን ይዞ ብዙ ሰው ደንግጧል። እኔ ግማሽ ብቻ ነው የምደነግጠው። ያ ሁሉ ትምህርት የመጣው እጅግ ብዙ ዙር ተጫውተው ነው፣ የሙከራው ገበያም የረጋ ነው። የበለጠ የሚያሳስበኝ ያረጀው ዘዴ በአዲስ ልብስ ሲመጣ ነው። የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት በነሐሴ 2024 ሪልፔጅ የተባለውን ኩባንያ የከሰሰው ተፎካካሪ አከራዮች ለሕዝብ ያልወጣ የኪራይ መረጃቸውን ለአንድ ሶፍትዌር ይሰጣሉ፣ ሶፍትዌሩም ለሁሉም ዋጋ ይመክራል ብሎ ነው። ይህ ላይሲን ላይ ያየነው ሪፖርት ሰብሳቢ ሰውዬ ነው፣ አሁን ወንበሩ ላይ ኮምፒውተር ተቀመጠ እንጂ።

ታዲያ የትኛው ወሬ ጤነኛ ነው? እኔ ሦስት ነገር አያለሁ። ያለፈ ነው ወይስ የወደፊት? የጥቅል ነው ወይስ የእያንዳንዱ ድርጅት? ገዢውስ ያየዋል ወይስ ተፎካካሪ ብቻ? ያለፈው ዓመት የዘርፉ ጠቅላላ ሽያጭ ማንንም አይጎዳም። የባለፈው ወር ሽያጭ በየድርጅቱ ተከፋፍሎ ሲወራ ላይሲንን አስታውስ። የሚቀጥለው ወር ዋጋ ሐሳብ በተፎካካሪዎች መካከል ሲወራ ደግሞ ጠበቃ ጥራ። ድርጅትን ወክለህ ስብሰባ ላይ ተቀምጠህ እንዲህ ያለ ወሬ ከተነሳ ዝም ማለት አያድንህም፣ ዝምታህን መስማማት ነው ብለው ይቆጥሩታል። ተቃውመህ ውጣ፣ መውጣትህም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

በአደባባይ የሚነገር ዋጋ ላይ ግን የምጠይቀው አንዲት ጥያቄ ናት። ገዢው በዚህ ዋጋ መግዛት ይችላል? የአውሮፓ ኮሚሽን የኮንቴይነር መርከብ ኩባንያዎች ወደፊት ይህን ያህል እንጨምራለን እያሉ በየጊዜው ማወጃቸው አላማረውም ነበር፣ ምክንያቱም የሚያውጁት ጭማሪ ብቻ ነው፣ ሙሉ ዋጋው አይታወቅም፣ እንዳሻቸውም ይለውጡታል። በ2016 ኩባንያዎቹ ለሦስት ዓመት የገቡት ግዴታ እንዲህ ይል ነበር፦ ዋጋ ካወጃችሁ የምታውጁት ገዢው የሚያውቀው ሙሉ ዋጋ ይሁን፣ ሥራ ላይ ሊውል ከ31 ቀን በላይ ሲቀረው አይታወጅ፣ ካወጃችሁት በላይም ማስከፈል አትችሉም። ከዚያ በታች ግን መሸጥ ትችላላችሁ።